መብራት ከሄደ በኋላ የሚሠራው ዕቃ

ስልክ ለመግዛት ስገባ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግረኝ የካሜራውን ሜጋፒክስል ነው። ቀጥሎ ራሙን፣ ከዚያ የስክሪኑን ጥራት ይደረድራል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መብራት ጠዋት ሄዶ ማታ ቢመጣ ይቆይልኛል? ኢንተርኔት ባይኖር ምን ይሠራልኛል? ስክሪኑ ቢሰበር እዚሁ ፒያሳ መለዋወጫ ይገኝለታል? አንዱ ሻጭ ሰምቶ ሰምቶ «እህቴ፣ አንቺ የምትፈልጊው ፋኖስ ነው» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ነገሩ ግን ከእውነት ብዙም አልራቀም።

ባለሙያ አይደለሁም። ደሴ ኖሬ ኮምቦልቻ የምሠራ፣ ጠዋት ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ማታ ሽቅብ የምመለስ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ የሚወራው ወይ ኑሮ ነው ወይ ስልክ፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ሁለቱ አንድ ወሬ ሆነዋል። ያኔ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ስልኩም፣ ቻርጀሩም፣ ኬብሉም ተከትሎት ወጣ። ከዚያ በፊት አንድ ዕቃ አልሆነኝም ብሎ ለወንድም ሰጥቶ ሌላ መግዛት የሚችል ሰው ነበር። አሁን የተገዛው ዕቃ እስኪያልቅ አብሮ መኖር ነው።

የደሴ ሰው ዕቃን ሲቋረጥበት በሚሆነው መመዘኑ አይገርምም። በጥቅምት 2014 ሁለተኛ አጋማሽ ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ መብራቱም፣ ኔትወርኩም፣ ባንኩም ቆመ። እስከ ኅዳር 27 ድረስ በነበሩት ሳምንታት በየቤቱ ዋጋ የነበረው በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ጥሬ ብርና ባትሪ መብራት ያለው ባለቁልፍ ስልክ ነበር። ውድ ውዱ ስልክ ኮሞዲኖ ውስጥ ጥቁር መስታወት ሆኖ ተቀመጠ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። ስልኩ አለ፣ ቻርጁ አለ፣ ግን ከውስጡ ግማሹ አይከፈትም። የትኛው አፕ እውነት ስልኩ ላይ እንዳለ፣ የትኛው ደግሞ ሌላ አገር ያለ ኮምፒውተር መስኮት ብቻ እንደሆነ ያኔ ለየን። አስቀድሞ የወረደ ካርታ ይሠራል፤ ያልወረደው ባዶ ነው። ስልኩ ላይ የተጫነ መዝገበ ቃላት ይሠራል። «ደመና ላይ ነው ያስቀመጥኩት» ያለ ፎቶውን ለማየት ዋይፋይ ያለው ሰው ፍለጋ ይወጣ ነበር።

ቴሌብርን የማደንቀው ለዚህ ነው። በግንቦት 2013 ሲጀመር ብዙ ሰው እንደ አፕ ነው ያየው፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገሩ *127# ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ዘመናዊ ስልክም አይፈልግም፤ እናቴ ባለቁልፍ ስልኳ ላይ ቁጥር እየመታች ትልክበታለች። ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ፊት ቆማችሁ «ልኬያለሁ» ብትሉ፣ ስክሪናችሁንም ብታሳዩ፣ አታያችሁም። ዓይኗ የራሷ ስልክ ላይ ነው። «ሜሴጁ ይግባልኝ» ትላለች። ገባ፤ ከዚያ በርበሬው ይታሰራል። በስክሪን ሾት የሚያጭበረብር በበዛበት ጊዜ ይህን ያህል ጥንቁቅ ተጠቃሚ ያፈራ ሥልጠና እኔ አላየሁም።

ወደ ስልክ ካርቶን ልመለስ፤ ነገር የሚበዛው እዚያ ላይ ነውና። «16 ጊጋ ራም» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «8+8» የሚል አይታችሁ ይሆናል። ሁለተኛው 8 ራም አይደለም። ፎቶና ቪዲዮ ከምታስቀምጡበት ስቶሬጅ ላይ ተቆርሶ ለጊዜው እንደ ራም የሚያገለግል ቦታ ነው፤ ስቶሬጅ ደግሞ ከራም ጋር ሲተያይ በጣም ቀርፋፋ ነው። ጨርሶ አይጠቅምም አልልም፤ 16 ተብሎ መሸጡ ግን ማታለል ነው። 50 ሜጋፒክስል የሚባለውም ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ አራት አራት ነጥቦችን አንድ እያደረገ 12 ተኩል ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚያወጣው። ይህኛው ማታለል አይደለም፤ ብርሃን ሲያንስ ፎቶው የተሻለ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ብቻ ቁጥሩ ላይ ተመርኩዞ ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም። ከጀርባ ከተደረደሩት ዓይኖች ውስጥ 2 ሜጋፒክስል የሆነው ደግሞ ለጌጥ ነው፤ ባይኖርም አይናፍቅም።

እኔ የማየው ባትሪውን ነው፤ 5,000 ሚሊአምፒርና ከዚያ በላይ። ቀጥሎ የማየው የቻርጀሩን ቀዳዳ ነው። ታይፕ ሲ ያልሆነ አልገዛም። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ስልክ ሁሉ ታይፕ ሲ እንዲሆን ደንግጓል፤ አፕልም ከዚያ ቀድሞ በ2023 እ.ኤ.አ. አይፎን 15 ላይ ወደዚያው ዞሯል። ብራስልስ የወጣ ሕግ ደሴ ያለ ሰው ቤት ገብቶ ሲጠቅም ይህን አየሁ። መብራት በመጣባት አንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰው በአንድ ኬብል ተራ መያዝ ይችላል። የማልስማማው ቻርጀሩን ከካርቶኑ ማውጣታቸው ላይ ነው። አፕል በ2020 እ.ኤ.አ. ከአይፎን 12 ጋር ሲጀምረው ምክንያቱ አካባቢን መጠበቅ ነው ተባለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እዚያ ሰው ቤት አምስት ጥሩ ቻርጀር ተኝቶ ይሆናል። እዚህ ግን ያለ ቻርጀር የገዛ ሰው ወጥቶ የሚገዛው ከመንገድ ዳር ርካሹን ነው፤ ያ ርካሽ ደግሞ ውዱን ስልክ ይበላዋል።

ይህን የነገረኝ ሁልጊዜ የምሄድበት ሞባይል ጠጋኝ ነው። ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ብሎ ባትሪው አለቀለት ብዬ ይዤለት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች፣ በክዳን ክዳን የተለዩ ብሎኖች፣ አንድ ማይክሮስኮፕና የቀዘቀዘ ሻይ አለ። ስልኬን ተቀብሎ ሳይከፍተው ቀዳዳው ውስጥ ባትሪ አበራበት። ቀጭን መርፌ አነሳና በቀስታ ከውስጥ አንድ ግራጫ ነገር ጎትቶ አወጣ፤ ተጠቅጥቆ እንደ ሱፍ ባርኔጣ የጠነከረ የቦርሳ ብናኝ። ጣቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ። «ይኸውልሽ ባትሪሽ» አለ። ስንት ልክፈል ብለው «አብሽሪ፣ ለዚህ አይከፈልም።»

ከዚያ ቁጭ ብዬ አወራን። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ብዙዎቹ የወደቁ ናቸው ብዬ ነበር። «የወደቀ ስክሪኑ ይቀየራል፣ ያልቃል» አለ፤ «የሚያስቸግረኝ መብራት ሲመጣ የተመታው ነው።» መብራት ሲመለስ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ደህና ቻርጀር ያንን ራሱ ላይ ይቀበለዋል፣ ርካሹ ወደ ስልኩ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ምክሩ ቀላል ነው፤ መብራት ሲሄድ ነቅሎ ማስቀመጥ፣ ሲመጣ ትንሽ ቆይቶ መሰካት። ቻርጀሬን ተቀብሎ በእጁ መዘነው። ቀላል ቻርጀር አይወድም፤ ውስጡ መኖር የነበረበት ነገር ስለጎደለ ነው የሚቀለው ይላል። እኔም ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ቻርጀር ስመዝን የሚያየኝ ሰው ሎሚ የምመርጥ ሳይመስለው አይቀርም።

ፓወር ባንክ ላይ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛነቴ ይነሳብኛል። 20,000 ሚሊአምፒር የሚለው እውነተኛ ቢሆን እንኳ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ አራት ጊዜ አይሞላም። ቁጥሩ የሚቆጠረው ውስጡ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ነው፤ የሚያወጣው ግን በ5 ቮልት ነው። 20,000ን በ3.7 አባዝታችሁ ለ5 ስታካፍሉት 14,800 ይቀራል። በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ 12 ወይም 13 ሺህ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ ነው። ይህ ማጭበርበር ሳይሆን የአቆጣጠር ነገር ነው። ማጭበርበሩ «50,000» ተብሎ ተጽፎበት በአንድ እጅ ተይዞ የሚወናጨፈው ላይ ነው። እውነት 50,000 ቢሆን 185 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ መንገደኛ እንዲይዝ የሚፈቅዱት እስከ 100 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከ160 በላይማ ጨርሶ ክልክል ነው። «ዘመዴ ከዱባይ በእጁ ይዞት የመጣ ነው» ከተባላችሁ እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ከልቤ የምወደው ዕቃ ውስጡ ባትሪ ያለው አምፖል ነው። እንደማንኛውም አምፖል ይታሰራል፣ መብራት ሲሄድ ራሱ ይበራል። መጀመሪያ የገረመኝ ማብሪያ ማጥፊያውን ሳጠፋው መጥፋቱ ነበር። ሁለቱም መብራት መቋረጥ አይደሉም? እኔ ማጥፋቴንና ከተማው መጥፋቱን በምን ያውቃል? ነገሩ ይህ ነው፤ ማብሪያው ክፍት ሆኖ መብራት ሲሄድ በሽቦው በኩል የቤቱም የጎረቤቱም ዕቃዎች እንደተያያዙ ናቸው፤ አምፖሉ ያንን መያያዝ ይሞክራል፣ ካገኘው ይበራል። ማብሪያውን ስታጠፉ ግን ሽቦው ተቆርጧልና የሚያገኘው ነገር የለም። ፈትታችሁ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ብረቶች በረጠበ ጣት ብትነኩም ይበራል፤ ጣታችሁን ቤት አድርጎት ነው። የእህቴ ልጆች ይህን ካወቁ ወዲህ ቤታችን መብራት ሲሄድ ዕልልታ ነው።

ስለ ፍሪጅ አጭር ነገር ልበል፤ በዚህ ጉዳይ ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት አገር ናቸው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሙቀት አላት፣ ወጥ ያለ ፍሪጅ አያድርም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ጦሳ ሥር ተቀምጣ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከቤት ውጭ ያለው ሁሉ ፍሪጅ ነው። ሆኖም ሳሎን መሐል ጥልፍ ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ የማይታይበት ቤት ጥቂት ነው። ካላችሁም ኮምፕረሰሩን የሚገድለው መብራት እንደተመለሰ ወዲያው መነሳት ነው፤ ውስጡ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲመጣ ቆጥሮ ዘግይቶ የሚያስነሳ ስታብላይዘር ከፍሪጁ ቀድሞ መገዛት ያለበት ነው።

እናቴን ስልክ የማስተማር ታሪክ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። አንድ ቀን ዋይፋይ አለ፣ ምንም ግን አይከፈትም። ያየሁት ስልክ ሁሉ ይሠራል፣ የእሷ አዲሱ ብቻ እምቢ አለ። ለካ ቀኑን አስተካክላዋለች! ዓመተ ምሕረቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ አልፎባታልና «ስህተት ነው» ብላ ወደ ራሳችን መልሳዋለች፤ ሰዓቱንም እንደዚያው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 1፡00 እንዲል። ድረ ገጾች ስልኩ ጋር ሲገናኙ የሚያሳዩት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ስልኩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቆም ማረጋገጫው ሁሉ ገና ያልተሰጠ ይመስለውና በሩን ይዘጋል። መለስኩት፣ ሁሉም ተከፈተ። እሷ ግን አልረካችም። «እና አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች፣ ስልኩን በእጇ ይዛ። እውነቷን ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው በሚኖርበት አገር የሚሸጥ ስልክ ከፋብሪካው ሲወጣ የእኛን ሰዓትና ቀን ፊቱ ላይ ማሳየት ቢችል ምን ይጎዳዋል? አፕ አለ ይሉኛል፤ አለ፣ በየመሐሉ የቁማር ማስታወቂያ የሚያወጣ።

ጽሑፍም ላይ እንደዚያው ነበርን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያም ሆኖ ለረጅም ዓመታት መልእክት በላቲን ፊደል ነበር የምንጻጻፈው። ጎግል በ2017 እ.ኤ.አ. አማርኛን በድምፅ መጻፍ ሲጀምር ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ አላደርገውም እንጂ ቤት ስሆን እየተናገርኩ ነው የምጽፈው። ፈጠን ስል ይሳሳታል፣ ወሎኛ ሳበዛበት ደግሞ ይብሳል።

ለእናቴ ግን ማንበብ መጻፉ ጉዳይዋ አይደለም። የእሷ ቴክኖሎጂ ኢሞ ነው። ታናሽ እህቴ ጅዳ ናት፤ ወሎ ውስጥ አረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሳዑዲ የኢንተርኔት ጥሪን የፈቀደችው በ2017 እ.ኤ.አ. መስከረም ነው፤ ኢሞ ደካማ ኔትወርክ ላይ ስለሚሠራ ከዚያ ወዲህም ቤታችን ቀረ። ከተማ ያሉ ወጣቶች ኢሞን ይንቁታል፤ የገጠር ሰው አፕ ይሉታል። እኔ ግን ፊቷ እየተቆራረጠም ቢሆን እናቴን «በልተሻል?» እንድትል ያስቻለ አፕ አልንቅም። ኔት የሌለ ለታ ደግሞ ድምፅ ቀድታ ትልካለች፤ መስመር ሲመጣ ራሱ ይሄዳል። እናቴ ይህንን «ፖስታ ቤት» ትለዋለች።

እህቴ በሰው የምትልካቸው ዕቃዎች ጉዳይም አለ። አንድ ጊዜ የደም ግፊት የሚለካ ስማርት ሰዓት ላከችላት። የእናቴ ግፊት ከፍ ያለ ነው፣ ሰዓቱ ግን ሁልጊዜ ደህና ነሽ ይላታል። ጠርጥሬ ዳቦ ላይ አሰርኩት፤ ዳቦውም ልቡ ይመታል፣ ግፊቱም መልካም ነው። እነዚህ ርካሽ ሰዓቶች ከሥራቸው አረንጓዴ ብርሃን ልከው የሚመለሰውን አይተው ነው የሚገምቱት። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ መመራት የለበትም። ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚነፋውን ከፋርማሲ ገዛሁላት። በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ መብራት አይጠይቅም።

ከላከችው ሁሉ አንደኛ የወጣው ክዳኑ ተቆልፎ እንፋሎት የሚያፍነው ድስት ነው። ደሴ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ከፍታው ስለሚያወርደው ወደ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ለዚህ ነው ሽምብራና ባቄላው እንዲህ የሚያስቸግረን፤ ቢንተከተክም ሙቀቱ ከዚያ አይዘልም። ያ ድስት ግን እንፋሎቱን ስለሚይዝ ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በኤሌክትሪክ ምድጃም፣ በከሰልም፣ በጋዝም ይሠራል። ስክሪን የለውም፣ አፕዴት አይጠይቅም። የእናቴ ንፍሮ ከግማሽ ቀን ሥራነት ወጥቷል፤ ጎረቤት ቡና ጀባ ተብላ ስትመጣ ንፍሮው ቀድሞ ይደርሳል። አሁን ክፉኛ የሚፈልገው ነገር ቢኖር የክዳኑ ጎማ ነው፤ ደርቆ እንፋሎት ማሳለፍ ጀምሯል። ደሴም ኮምቦልቻም ዞሬ በልኩ የሚሆን አጣሁ።

ባለፈው እሑድ እህቴ በኢሞ ደወለች። አንድ የሰፈር ልጅ ሊመጣ ነውና ምን ልላክልሽ አለች። ስልክሽ አርጅቷል፣ አዲስ ልላክልሽ እንዴ?

«ጎማ» አልኳት።

«የምን ጎማ?»

«የድስቱ።»

ትንሽ ቆየችና ሳቋ መጣ፤ ኔትወርኩ ሳቋን ሦስት ቦታ ቆራርጦ አደረሰው። ስልክ ከጅዳ ልላክልሽ ተብላ ጎማ የምትመርጥ ሴት በወሎ ታሪክ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ አለች። ከዚያ ግን እሷም የእናቷ ልጅ ናትና ቁም ነገሯን ያዘች፤ በሜትር ስፋቱን ለክተሽ፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥርም አንስተሽ ፎቶ ላኪልኝ፣ ያለዚያ የማይሆን እልካለሁ አለች። 22 ሳንቲሜትር ነው። ፎቶውን ልኬያለሁ፤ ገና ግን አልገባላትም።